ስለ ሚዛንና ስለ ማንኪያ



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ርእስ ከመንግሥት አስተዳደርና ከታሪክ ምርምር ጋር ሲተያይ ጥቂት መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን በየዕለቱ በየቤታችን ምድጃ አጠገብ የሚያጋጥም ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በግራም ተመዝኖ የተጻፈ ጨው፣ ስኳር፣ ዱቄት ወይም ቅመም ሚዛን በሌለበት ወጥ ቤት ውስጥ በማንኪያ እንዴት ተሰፍሮ ከልኩ ሳይጎድልና ሳያልፍ ሊገባ ይችላል የሚለው ነው።

ይህን ነገር የሚጠይቁ ሰዎች በሁለት ወገን የሚመደቡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በመጽሐፍ የተጻፈ የኬክ ወይም የዳቦ አሠራር ይዘው፣ ዱቄቱ 250፣ ቅቤው 60፣ ስኳሩ 80 ግራም ይሁን የሚለውን አንብበው፣ በመሳቢያቸው ውስጥ ከማንኪያ በቀር ሌላ መለኪያ የማያገኙ ወጣቶች ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ተቀምጠው፣ የእናታቸው ወጥ ጣዕም ከአፋቸው ስላልጠፋ፣ በስልክ የበርበሬውን አዘገጃጀት የሚጠይቁ ልጆች ናቸው። እናትየዋም ለአሥር ኪሎ ዛላ በርበሬ የምትጨምረውን ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላና ጦስኝ በኪሎና በሩብ ኪሎ ቈጥራ ትነግራቸዋለች፤ ጨውና ሌላው ማጣፈጫ ላይ ስትደርስ ግን «እሱን እንኳ በእጄ ነው የማደርገው፤ ዐይንሽ ያየውን ያህል ጨምሪበት» ብላ ታልፈዋለች። ልጅቱ የምትሻው ግን አሥር ኪሎ ሳይሆን አንድ ብልቃጥ የሚሞላ ሩብ ኪሎ በርበሬ ነው፤ የእናቷም ዐይን ገና የላትም።

የጥንት ሰዎች በዚህ ነገር ላይ ጥንቁቆች ነበሩ። በኦሪት ዘጸአት በ30ኛው ምዕራፍ ስለ ቅብዐ ቅዱሱ አሠራር የተጻፈውን ያነበበ ሰው፣ ከርቤው 500 ሰቅል፣ ቀረፋው 250፣ የጠጅ ሣሩም 250፣ ብርጉዱ ደግሞ 500 ሰቅል እንዲሆን ሲታዘዝ፣ የወይራው ዘይት ግን በኢን መስፈሪያ ተሰፍሮ እንዲጨመር መታዘዙን ያስተውላል። በዚያው መጽሐፍ በ16ኛው ምዕራፍ መናው ለየነፍስ ወከፉ በጎሞር ተሰፈረ እንጂ በሰቅል አልተመዘነም። በእኔ አስተያየት ይህ ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ፈሳሽ ነገር የገባበትን ዕቃ ያለ አንዳች ክፍተት ስለሚሞላ መስፈሪያው አይሳሳትም፤ ለዕለት ምግብም ጥቂት ቢተርፍ ወይም ቢጎድል ጉዳት የለውም፤ ውድና ብርቱ የሆነው ቅመም ግን በመካከሉ አየር እያስገባ ሰፋሪውን ስለሚያታልል ሚዛን ግድ ሆነበት።

የነገሩ ሥርም ይኸው ነው። ሚዛን የሚነግረን ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው፤ ማንኪያ የሚነግረን ግን ነገሩ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1795 የፈረንሳይ መንግሥት አዲሱን የልኬት ሥርዐት በሕግ ሲደነግግ ግራምን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ውሃ ክብደት ስለ ወሰነው፣ ለውሃ ብቻ ክብደቱና ስፍሩ በአኃዝ ይገጥማሉ፤ 5 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ውሃ ትይዛለች፣ 15 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሾርባ ማንኪያም 15 ግራም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የውሃውን ሒሳብ ወደ ሌላው ሁሉ በማዛወሩ፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ግራም ነው ብሎ ለዱቄቱም ለማሩም በዚያው ልክ በመስፈሩ ነው።

ጨውን ተመልከቱ። አንድ ወጥ ሆኖ የረጋ የጨው ድንጋይ በአንድ ሚሊ ሊትር ስፍር ከ2 ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ የሻይ ማንኪያዋን የሚሞላ ድፍን ጨው ቢኖር ኖሮ ወደ 11 ግራም በተጠጋ ነበር፤ የተፈጨው ደቃቅ የገበታ ጨው ግን በዚያችው ማንኪያ 6 ግራም ያህል ብቻ ነው። የቀረው ስፍራ በቅንጣቱና በቅንጣቱ መካከል የተቀመጠ አየር ነው ማለት ነው። ስኳርም እንዲሁ ነው፤ ድፍኑ 8 ግራም ሊሆን የሚገባው በማንኪያዋ 4 ግራም ይገኛል፤ እኩሌታው አየር ነው። የስንዴ ዱቄት ከሁሉም ይብሳል፤ በሻይ ማንኪያ ከ3 ግራም የማይበልጥ፣ በሾርባ ማንኪያም 8 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ከማንኪያው ከግማሽ የሚበልጠውን አየር ይዞታል። በአንጻሩ ማር አየር የማያስገባና ከውሃም የሚከብድ ስለሆነ የሾርባ ማንኪያው 21 ግራም ይመዝናል፤ ዘይት ግን ከውሃ ስለሚቀል ከ14 ግራም ጥቂት ያንሳል፤ ቅቤም 14 ግራም ነው። እንግዲህ ያው አንድ የሾርባ ማንኪያ ከ8 ግራም ዱቄት እስከ 21 ግራም ማር የሚለዋወጥ ከሆነ፣ «አንድ ማንኪያ ስንት ግራም ነው?» ለሚለው ጥያቄ «የምን?» ብሎ ከመመለስ በቀር ሌላ እውነተኛ መልስ የለም።

ወደ ቅመሞች ስንመጣ፣ አፉ በተጠረገ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ እርድ 3 ግራም፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ 2.3 ግራም፣ የተፈጨ ሄል 2 ግራም፣ የተፈጨ ቀረፋ 2.6 ግራም፣ ያልተፈጨ አብሽ 3.7 ግራም ያህል ይመዝናል። ደረቅ የዳቦ እርሾ 3 ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህም ነው የ7 ግራሟ የእርሾ ከረጢት በመጽሐፎች ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሩብ ተብላ የምትጻፈው። ሦስት የሻይ ማንኪያ አንድ የሾርባ ማንኪያ መሆኑንም ያዙልኝ።

ሒሳቡ ራሱ ከዚህ በኋላ ሕፃን የሚሠራው ነው፤ የተፈለገውን ግራም አንዲት ማንኪያ በምትይዘው ግራም ማካፈል ብቻ ነው። እንበልና እናት ለ10 ኪሎ በርበሬ 300 ግራም ቁንዶ በርበሬ ትጨምራለች፤ ልጅቱ የምታሰናዳው 250 ግራም በርበሬ፣ ማለትም የእናቷን አርባኛ እጅ ነው፤ 300ን ለ40 ብታካፍለው 7.5 ግራም ይሆናል፤ 7.5ን ለ2.3 ብታካፍለው ሦስት የሻይ ማንኪያና ሩብ፣ ይኸውም አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጋር ይመጣላታል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ሒሳብ የማያውቀው፣ የወጥ ቤት ሰው ግን የሚያውቀው ነገር አለ። የእናትየዋ አሥር ኪሎ የተመዘነው በርበሬው ገና ሳይቀነጠስ ነው ወይስ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦና ደርቆ ካበቃ በኋላ ነው? ቁንዶ በርበሬውስ ሳይፈጭ ነው ወይስ ተፈጭቶ? ሳይፈጭ የተመዘነው ሲፈጭ ክብደቱን ባይለውጥም ስፍሩን ይለውጣል፤ ስለዚህ ግራሙን ወደ ማንኪያ የምትመልስ ሴት ዕቃው በየትኛው ጠባዩ እንደተመዘነ አስቀድማ ካልጠየቀች፣ ማካፈሏ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ወጡ ይበላሽባታል።

እስከ አሁን የተናገርሁት ሁሉ ማንኪያው እውነተኛ 5 ሚሊ ሊትር ሲሆን ነው። በቤታችን ያለው የሻይ ማንኪያ ግን ለማማሰያ የተሠራ እንጂ ለመለኪያ የተሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ሐኪሞች በግሪክ አገር በአቲካ ከሚገኙ 25 ቤቶች 71 የሻይ ማንኪያዎችን ሰብስበው ሲለኳቸው፣ ትንሹ 2.5፣ ትልቁ 7.3 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኝቷል፤ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ነው። በሕግና በልማድ የተወሰነው መለኪያ እንኳ ከአገር አገር አይስማማም፤ የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ የአሜሪካው 15 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ስለዚህ አንዲት እመቤት አስቀድማ ማድረግ የሚገባት ከፋርማሲ 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝታ፣ በእርሱ ውሃ እየለካች ማንኪያዎቿን ሁሉ መመርመር፣ ከመካከላቸውም 5 ሚሊ ሊትር የምትይዘውን አንዲቱን ለይታ ለልኬት ብቻ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺ ማንኪያ ሻይ አታማስልም።

አሰፋፈሩም እንደ ማንኪያው ሁሉ ሥርዐት ይሻል። በዚህ ረገድ ስሟ ሊነሣ የሚገባው ሴት የቦስተን የወጥ ቤት ሙያ ትምህርት ቤት ኀላፊ የነበረችው ፋኒ ፋርመር ናት። ከእርሷ በፊት የነበሩት የአሜሪካ የምግብ መጻሕፍት ቅቤውን የዕንቁላል ያህል፣ ዱቄቱን የተቆለለ ማንኪያ እያሉ ይጽፉ ነበር፤ እርሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ማንኪያውም ኩባያውም ከሞላ በኋላ አፉ በቢላዋ እንዲጠረግ፣ ልኩም ከእጅ ወደ እጅ እንዳይለዋወጥ አጥብቃ አስተማረች። አሳታሚው መጽሐፉ እንደሚሸጥ ስላልታመነው የመጀመሪያውን 3,000 ቅጂ በራሷ ወጪ አሳተመችው። ይህች ሴት በወጣትነቷ በደረሰባት የሽባነት ሕመም ትምህርቷን አቋርጣ የነበረች ስትሆን፣ በኋላ ለሕሙማን ስለሚገባ ምግብ መጽሐፍ የጻፈች፣ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትም በዚሁ ጉዳይ ያስተማረች ናት። ልኬትን ከጣዕም አልፋ ከጤና ጋር ማያያዟ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሥራዋ ነው፤ ወደዚህም ኋላ እመለሳለሁ።

የተቆለለ ማንኪያ ከተጠረገው እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ዱቄት ደግሞ ሳይቆለልም ያታልላል፤ ተነፍቶ በቀስታ የተሞላ ኩባያ 120 ግራም ያህል ሲሆን፣ ኩባያውን በዱቄቱ ውስጥ ነክሮ፣ ተጭኖ የሞላው ሰው 150 ግራምና ከዚያም በላይ ያወጣል። አንድ ኬክ የሚደርቅበትና ሌላው የሚለሰልስበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከምድጃው ሳይሆን ከዚህ ነው። ጨውም እንደ አፈጫጨቱ ይለያያል፤ ከአፋር ምድር የመጣው አሞሌ በሙቀጫ ተሰባብሮ በማንኪያ ሲሰፈርና በፋብሪካ የደቀቀው ጨው በዚያው ማንኪያ ሲሰፈር የሚመዝኑት አንድ አይደለም፤ በአሜሪካ ልጥልጥ ሆኖ የሚሸጥ የወጥ ቤት ጨው ደግሞ አለ፣ የአንዱ ዐይነት የሻይ ማንኪያ 3 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ልማድ አድርጋ የቈየች እኅታችን ወደ አገሯ መጥታ በደቃቁ ጨው በዚያው ማንኪያ ብትሰፍር እጥፍ ታገባለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የቀኑ ጨው ከ5 ግራም በታች ይሁን ማለቱንም እዚህ ላይ ማሰብ ይገባል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው፤ በዳቦው፣ በወጡና በሚጥሚጣው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር ማንኪያን አዋርጄ ሚዛንን ከፍ ከፍ ያደረግሁ እንዳይመስላችሁ። በየሱቁ የሚሸጠው የወጥ ቤት ሚዛን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ግራም የሚያንሰውን ለይቶ አያሳይም፤ 500 ግራም ዱቄት ሲመዝን አንድ ግራም ቢሳሳት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ 2 ግራም ቅርንፉድ ሲመዝን ግን ያቺው ስሕተት እኩሌታውን ትወስዳለች። ስለዚህ ከጥቂት ግራም በታች ለሆነው፣ ለቅርንፉዱ፣ ለቁንዶ በርበሬው፣ ለእርሾው፣ በጥንቃቄ የተጠረገች የታወቀች ማንኪያ ከሚዛኑ ይልቅ ታማኝ ናት። ለዱቄቱና ለስኳሩ ሚዛኑ ይሻላል። ይህን ድንበር ያወቀ ሰው ሁለቱን ሳያጣላ በየቦታቸው ያሠራቸዋል።

አሁን ወደ ጤናው ነገር ልመለስ፤ ማንኪያ የሰው ነፍስ የያዘችበት ጊዜ አለና። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከሰውነቱ የሚወጣውን ውሃና ጨው ካልተካ ሊሞት ይችላል። በጤና ኬላዎቻችን የሚታደለው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በ1 ሊትር ውሃ የሚበጠበጥ 20.5 ግራም ደረቅ ነገር የያዘ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ጨው 2.6 ግራም፣ ግሉኮስ 13.5 ግራም ሲሆን፣ የቀረው ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬት ነው። ከረጢቱ ካለ ምንጊዜም ከረጢቱ ይቀድማል። በሌለበት ጊዜ ግን እናቶች እንዲያዘጋጁት የሚመከረው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ አፉ የተጠረገ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። በትክክለኛዋ ማንኪያ ጨዉ 3 ግራም ይሆናል። በግሪክ ቤቶች በተገኘችው በትንሿ ማንኪያ ግን 1.5፣ በትልቋ 4.4 ግራም ይሆናል፤ ከዚህም ላይ ቢቆለል ለደከመ ሕፃን አደገኛ ነው፤ ጨው ሲበዛ የታመመውን ሰውነት ያደርቀዋል እንጂ አያረጥበውም። ማንኪያ መጥረግ የምግብ አዋቂዎች ቅንጦት አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከማውቀው ሥራ ሁሉ በአክብሮት የማነሣው በባንግላዴሽ የተሠራውን ነው። ብራክ የተባለው የዚያ አገር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ሴቶች መምህራንን ከቤት ወደ ቤት እየላከ ከ12 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቤተ ሰቦች ይህንኑ መጠጥ አስተማረ። በገጠሩ ቤት ሚዛን አልነበረም፤ አንድ ዐይነት ማንኪያም አልነበረም፤ የነበረው እጅ ነበር። ስለዚህ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ ጭብጥ የሸንኮራ አገዳ ስኳር በግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እንዲገባ ወሰኑ። ነገር ግን እጅን እንዲሁ አላመኑትም፤ እናቶቹ የበጠበጡት ውሃ ወደ ቤተ ሙከራ እየተወሰደ ጨዉ ይመረመር ነበር፤ የመምህራኑም ደመወዝ እናቶቹ ትምህርቱን ባስታወሱትና በትክክል በሠሩት መጠን ይከፈል ነበር። የድኻ እናት ቁንጥር በሳይንስ ተመርምራ፣ ልኳ ታውቃ፣ ተስተካክላ ለብዙ ሚሊዮን ቤት መለኪያ ሆነች።

እኔም ዛሬ ከእናንተ የምለምነው ይህንኑ ነው። የእናቶቻችን እጅ ግምት አይደለም፤ በብዙ ዘመን የተለማመደ መለኪያ ነው፤ ጉድለቱ ባለቤቲቱ ስታልፍ አብሮ ማለፉ ብቻ ነው። ስለዚህ እናታችሁ በሕይወት ሳለች፣ ወጡን ስትሠራ አጠገቧ ሚዛን አስቀምጡ። እጇን አትያዙባት፣ ማንኪያም ተጠቀሚ አትበሏት፤ ተጠንቅቆ የሚቆነጥር እጅ የወትሮው እጅ አይደለምና። የበርበሬውን ዕቃ ከመጀመሯ በፊት መዝኑት፣ ከጨረሰች በኋላም መልሳችሁ መዝኑት፤ የጎደለው ወደ ድስቱ የገባው ነው። የጨዉንም፣ የቅቤውንም እንደዚሁ አድርጉ። ቁንጥሯን ለማወቅ ደግሞ አሥር ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ እንድትቆነጥርላችሁ ለምኗት፤ ድምሩን ለአሥር አካፍሉት፤ ሚዛኑ አንዲቱን ቁንጥር ሊያሳይ ባይችል አሥሩን ያሳያል። የአንዲት ማንኪያ ቅመም ክብደት ሲጠፋችሁም ብልሃቱ ያው ነው፤ ሚዛንም ባይኖራችሁ ክብደቱ በላዩ የተጻፈ የ100 ግራም ከረጢት ገዝታችሁ ስንት የተጠረገ ማንኪያ እንደሚወጣው ቍጠሩ፣ 100ንም በቁጥሩ አካፍሉ። ለኮረሪማችን፣ ለበሶብላችንና ለጦስኛችን የሌላ አገር መጽሐፍ ሠንጠረዥ ከመጠበቅ ይልቅ በዚህ መንገድ ከየቤታችን እናወጣዋለን።

ስትጽፉም የቅመሙን ስም ብቻ አትጻፉ። የተፈጨ ነው ያልተፈጨ፣ በወፍጮ ነው በሙቀጫ፣ ከየት ገበያ የተገዛ፣ በየትኛው ማንኪያ የተሰፈረ፣ ስንት ሰው ለሚበላው ድስት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፤ ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር ሆና የምታነበው ልጅ ልትጠይቀው የማትችለው ይህንኑ ነውና። ወንዶች ልጆቻችሁንም ከዚህ አታርቋቸው፤ በስደት አገር ድስት የሚጥደው ወንድ ብዙ ነው።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ግራም ለግራም የሚለይ ሚዛንና ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ተቀምጧል፤ በወዲያ በኩል የተፈጨ እርድ፣ ጨው፣ ስኳርና ኮረሪማ አለ። ማንኪያ የያዛችሁ ከፊተኛው መደዳ ጀምራችሁ በየተራ ቅረቡ፤ አስቀድመን ማንኪያውን በውሃ እንለካለን፣ ከዚያም ጨዉን።